ዝም ያለ ሁሉ ደንበኛ ነው

በእኛ ሀገር ዝም ያለ ሰው ሐሳቡን የሚናገርለት አያጣም። ሽማግሌ ፊት አንገቷን ደፍታ ዝም ያለች ልጃገረድ "ፈቅዳለች" ይባልላታል። ስብሰባ ላይ ዝም ያለ ሠራተኛ ቃለ ጉባኤው ሲነበብ "በሙሉ ድምፅ" ከደገፉት ጋር ተደምሮ ይገኛል። ማዕድ ፊት ዝም ያለ እንግዳ "ይሉኝታ ይዞት ነው" ተብሎ ጉርሻው ይደራረብበታል። ይህን ሁሉ ችለን ኖረናል። አሁን ግን ዝምታችንን የሚተረጉመው ጎረቤት ወይም የስብሰባ ሊቀመንበር መሆኑ ቀርቶ ማሽን ሆኗል። የማሽኑ ትርጓሜ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፦ ዝም ያለ ሰው አገልግሎቱን ወዶታል፤ ነገም ይፈልገዋል፤ ስለዚህ ሂሳቡ ይቆረጥ።

እኔ በሰፈራችን ስልክ አንባቢ ነኝ። ድሮ ደብዳቤ የሚያነብ ተማሪ ይፈለግ ነበር፤ ዛሬ አጭር የጽሑፍ መልእክት የሚያነብ ይፈለጋል። መነጽሩ የጠፋበት፣ መነጽሩ የማይበቃው፣ የማያውቀው ቁጥር የጻፈለት ሁሉ ስልኩን ይዞ ወደ እኔ ይመጣል። በቀደም ደግሞ አክስቴ ስልካቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ።

"ይኸው ልጄ፣ ባለፈው ሳምንት የሞላሁት 50 ብር አልቋል ይለኛል። እኔ የደወልኩት ለልጄ ብቻ ነው፤ እሷም አላነሳችም።"

ስልኩን ከፍቼ አየሁት። በየቀኑ አራት ዓይነት መልእክት ይገባላቸዋል። የመጀመሪያው የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ውጤት ነው። ሁለተኛው በየማለዳው አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ያስተምራል፤ የዚያን ዕለት ቃል ፍቺው "ትዕግሥት" ነበር። ሦስተኛው የውበት ምክር ነው፤ ማርና ሎሚ ቀላቅለሽ ፊትሽን ተቀቢ ይላል። አራተኛው የጥያቄና መልስ ውድድር ሲሆን ሽልማቱ መኪና ነው።

"እቴቴ፣ እግር ኳስ ይከታተላሉ እንዴ?"

"እኔ? የልጅ ልጄ የሚልክልኝ መስሎኝ ነው እንጂ። አርሰናል ተሸነፈ ሲለኝ ደውዬ አጽናንቼዋለሁ እኮ።"

"የውበቱንስ?"

"እሱ ባለጌ ነው። በዚህ ዕድሜዬ አንቺ እያለኝ። ግን መልስ አልሰጠሁትም፤ ዝም አልኩት።"

ዝም ያሉት ይቅርና የመለሱለት የባሰ ነበር። ውድድሩ "በኢትዮጵያ ትልቁ ተራራ የቱ ነው? ሀ. ራስ ዳሽን፣ ለ. ዝቋላ" ብሎ ሲጠይቃቸው አክስቴ ሳይውሉ ሳያድሩ ይመልሳሉ። ለእያንዳንዱ መልስ እንደሚቆረጥባቸው ስነግራቸው ተገረሙ። "አውቀዋለሁ እኮ! የማውቀውን ተጠይቄ ልደብቅ?"

ወደ ኋላ እየሄድኩ የመጀመሪያውን መልእክት አገኘሁት። "ውድ ደንበኛችን! ለ3 ቀናት በነፃ ይሞክሩ! ኦኬ ብለው ይላኩ!" ይላል፤ ቃለ አጋኖው ከቃሉ ይበዛል። ከዚያ ባዶ መስመር፣ ከዚያ ሌላ ባዶ መስመር፣ ከዚያ ሰው ጣቱን ወደ ታች ካልሳበ በማያየው ቦታ "ከ3 ቀን በኋላ በቀን 2 ብር" ተጽፏል። አራት አገልግሎት በቀን 8 ብር፣ በወር 240 ብር መሆኑ ነው። የውድድሩ መልስ ለብቻው ይታሰባል።

"ታዲያ ኦኬ ብለው ልከው ነበር?"

"ውድ ደንበኛችን ብሎ በትሕትና የጠየቀኝን ሰው ምን ልበለው? እሺ አልኩት። እሺ ማለት ነውር ሆነ?"

ነውርስ አይደለም። ነገር ግን ሕግ ማየት አስፈለገ። ከመደርደሪያዬ ላይ የፍትሐ ብሔር ሕጉን አወረድኩ። በ1952 ዓ.ም. ታውጆ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለ፣ ረቂቁን ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያዘጋጁት፣ 3367 አንቀጾች ያሉት ጥራዝ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሕግ የሚያስታውሰው ወንድማማቾች በውርስ፣ ጎረቤታሞች በአጥር ሲጣሉ ነው። እኔ የምወደው ግን አንቀጽ 1682ን ነው። ሐሳቡን በአጭሩ ሳስቀምጠው፣ የውል ጥያቄ የቀረበለት ሰው መልስ ሳይሰጥ ዝም ቢል ዝምታው ጥያቄውን እንደ መቀበል አይቆጠርበትም። ሽማግሌውንም፣ ሊቀመንበሩንም፣ ጉርሻ ደራራቢውንም በአንድ መስመር ያሳፈረ አንቀጽ ነው።

አነበብኩላቸው። አክስቴ ጥቂት አሰቡና፣ "ይህን ያወጁት ጃንሆይ ናቸው?" አሉኝ።

"አዎ።"

"ማን ሻረው?"

"ማንም አልሻረውም፤ እስካሁን ይሠራል።"

"ታዲያ ይህ ስልክ የማን ሀገር ዜጋ ነው?"

ጥያቄያቸው የዋዛ አይደለም። አገልግሎት ሻጮች ሕጉን ከእኔም ከአክስቴም በላይ ያውቁታል፤ የሚያውቁት በመሆኑም በር ላይ በዝምታ አያስገቡም። አንዲት "ኦኬ" ይለምናሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ዓመት በሙሉ ዝምታችንን ይሸጡታል። የሦስት ቀን ነፃ ሙከራ የሚባለውም ለዚሁ የተዘጋጀ ነው። የሚሞከረው አገልግሎቱ አይደለም፤ የእኛ መርሳት ነው። በሦስተኛው ቀን ማታ ትዝ ካላለን ሙከራው ተሳክቷል።

ፍትሐ ብሔሩ ግን ከገባን በኋላም እጃችንን አጣጥፈን እንድንቀመጥ አይፈርድብንም። መጨረሻው ያልተወሰነ ውል አንደኛው ወገን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሊያቋርጠው ይችላል። አንዱ ወገን አስቀድሞ አዘጋጅቶ "እዚህ ፈርም" ብሎ ያቀረበው ውል ቃሉ አሻሚ ከሆነ ደግሞ ላላዘጋጀው ወገን በሚጠቅም መንገድ ይተረጎማል። ቀድሞ የንግድ ግንኙነት ባላቸው ሰዎች መካከል ዝምታ የሚቆጠርበት ጠባብ ቀዳዳ መኖሩ እውነት ነው፤ ያም ቢሆን ዝም ማለት ምን እንደሚያስከትል ለሰውየው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ሁለት ባዶ መስመር ዘልሎ፣ ከስልኩ ጠርዝ በታች መንገር እንደ መንገር ይቆጠር እንደሆነ ለዳኛ ብተወው ይሻላል።

ወደ ማቋረጡ ገባን። አክስቴ "ራሴ ነኝ የምጽፈው" ብለው ስልኩን ወሰዱ። በብዙ ድካም አንድ በአንድ እየነኩ "በቃኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብለው ላኩ። ወዲያው መልስ መጣ፦ "ያስገቡት ቃል ትክክል አይደለም።"

"ምን አለኝ?"

"ቃሉ ትክክል አይደለም ይላል።"

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ ነው ትክክል ያልሆነው?"

ማሽኑ የሚያውቀው አንድ የመሰነባበቻ ቃል ብቻ ነው፤ እሱም "ስቶፕ" ነው። ሲያስገባ በአማርኛ አቆላምጦ፣ "ውድ" ብሎ፣ ሽልማት ቀብቶ ነው፤ ሲያስወጣ ግን ፈረንጅኛ ካልተናገሩት አይሰማም። ለአራቱም አገልግሎት ቃሉን እየጻፍን ላክን። አንዱ "አገልግሎቱን አቋርጠዋል" ካለ በኋላ ሳይተነፍስ "ተመልሰው ለመመዝገብ ኦኬ ብለው ይላኩ" ብሎ ቀጠለ። አክስቴ ጣታቸው ወደ ስልኩ ሲዘረጋ እጃቸውን ያዝኩ።

"ቅር ብሎት ይሆናል ብዬ ነው እኮ" አሉኝ።

እነሆ የነገሩ ሥር። እኛን ከውል እንዳንወጣ የሚይዘን ከሕግ እጦት ይልቅ ይሉኝታ ነው። ለዚህም ቢሆን ሕግ ወጥቶለታል ብል ማን ያምነኛል? በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 የሸማቹን መብቶች ሲዘረዝር አንድ የሚያስቅ መብት አለበት። ሸማቹ የዕቃውን ጥራት ስላየ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ እንዲገዛ አይገደድም ይላል። ሕግ አውጪዎቹ መርካቶን በደንብ ያውቋታል ማለት ነው። "ዋጋ ጠይቀህ፣ ዘርግተህ አይተህ፣ አሁን ትተህ ልትሄድ?" የሚለውን ቁጣ ፈርቶ የማያስፈልገውን ጋቢ ተሸክሞ የተመለሰ ሰው በየቤቱ አለ። ይኸው አዋጅ ሸማቹ በትሕትናና በአክብሮት እንዲስተናገድ፣ ከነጋዴው ስድብና ዛቻም እንዲጠበቅ መብት ሰጥቶታል። የመሰደብ ስጋት ሳይኖርብን "ይቅርብኝ" ማለት እንድንችል አዋጅ አስፈልጎናል።

ስልክን በተመለከተ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ፤ የቴሌኮም ተጠቃሚዎችን መብት ማስጠበቅ ከሥራዎቹ አንዱ ነው። ሥርዓቱ ቀላል ነው፦ ቅሬታውን በመጀመሪያ ለአገልግሎት ሰጪው ማቅረብ፤ እዚያ መልስ ከጠፋ ወደ ባለሥልጣኑ መሄድ። ለ2 ብር ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ድረስ የሚሄድ ሰው ግን የለም። ሻጩም ይህን ያውቃል። 2 ብር የተመረጠችው በዘፈቀደ አይደለም፤ ከመክፈል ይልቅ መናደድ የሚያሳፍርባት ልክ ናት።

እዚህ ላይ እድራችንን ሳላመሰግን አላልፍም። እድር መዋጮ ሳይከፍል ዝም ያለን አባል አንድ ሁለት ጊዜ ያስጠነቅቀዋል፤ ከዚያ ስሙን ይሰርዘዋል። ዝም ያለን ሰው የሚያሰናብት ተቋም እሱ ነው። ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ ገንዘብ ያዡ መዝገብ ዘርግተው "ይህ ሰው ጠፍቷል፤ ምን ሆኖ ነው?" ብለው ይጠይቃሉ። ዘመናዊው አገልግሎት ሰጪ ግን ሰው ሲጠፋ ደስ ይለዋል። የማይመጣ፣ የማይጠቀም፣ የማይጠይቅ፣ ነገር ግን የሚከፍል ደንበኛ የህልሙ ደንበኛ ነው።

ይህን ነገር ጥናትም መስክሮለታል። ስቴፋኖ ዴላቪኛ እና ኡልሪኬ ማልመንዲየር የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 "ጂም ላለመሄድ መክፈል" የሚል ርዕስ ያለው ጥናት አሳትመዋል። በሦስት የአሜሪካ ጂሞች የተመዘገቡ ከ7700 በላይ አባላትን መዝገብ መርምረው፣ በወር ከ70 ዶላር በላይ ለመክፈል የተዋዋሉት ሰዎች በወር በአማካይ 4.3 ጊዜ ብቻ ብቅ እንደሚሉ አገኙ። ይህም ለአንድ ቀን ከ17 ዶላር በላይ መክፈል ማለት ነው፤ ሳይመዘገቡ የ10 ቀን ቲኬት ቢገዙ ኖሮ ግን ቀኑ በ10 ዶላር ያልቅ ነበር። የበለጠ የሚገርመው፣ ለመጨረሻ ጊዜ ጂም ከረገጡበት ቀን አንስቶ ውሉን እስካቋረጡበት ቀን ድረስ በአማካይ ከሁለት ወር በላይ ያልፋል። ሁለት ወር ሙሉ "ነገ እሄዳለሁ" እያሉ ነው። አዲስ አበባም ቢሆን በመስከረም ዓመቱን ከፍለው በኅዳር የጠፉ አሉ፤ የእኛዎቹ ግን "የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም" የሚለው ማኅተም ስለሚቀድማቸው ለማቋረጥ እንኳ አይደክሙም።

ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖር አንድ ጓደኛ አለኝ። ኢንተርኔት ሲያስገባ ከ200 በላይ ጣቢያ ያለው የቴሌቪዥን ጥቅል አብሮ ተሸጦለታል። እሱ የሚያየው በዩቲዩብ የሚለቀቁ የአማርኛ ድራማዎችን ብቻ ነው። ጥቅሉን ለማቋረጥ ደወለ። "አዲስ ደንበኛ ለመሆን 1ን ይጫኑ" የሚለውን የነኩ ሁሉ ወዲያው ሰው ያገኛሉ፤ እሱ ግን ለማቋረጥ ስለደወለ ሙዚቃ አዳመጠ። ሙዚቃው ሲያልቅ አንድ ሰው አነሳ። እዚያ ሀገር ሊሄድ የተነሳ ደንበኛን የሚያባብል ራሱን የቻለ ክፍል አለ፤ ሠራተኞቹም ለዚሁ ሥራ የሠለጠኑ ናቸው።

"እንዴት ዋሉ ጌታዬ? ቤተሰብ ደህና ነው?" አለው ሰውየው። ስሙንም ሳይሰብር ጠራው። ጓደኛዬ እዚያው ተሸነፈ። በአሥራ ምናምን ዓመት የአሜሪካ ኑሮው ስሙን በትክክል የጠራለት ፈረንጅ ይህ ብቻ ነበር።

"ምን አጎደልንብዎት?"

"ኧረ ምንም! በጣም ደህና አገልግሎት ነው።"

"ታዲያ ምን አስቀየመዎት?"

"አልተቀየምኩም። ብቻ... ወጪው ትንሽ በዛብኝ።"

"እንዲህ ከሆነማ በቀላሉ ይፈታል! ለ6 ወር በግማሽ ዋጋ ላድርግልዎት።"

ጓደኛዬ ከዚህ በኋላ ያለውን ሲነግረኝ ድምፁ ይወርዳል። "ሰውየው ሽማግሌ ሆኖ ነው የመጣብኝ" ይላል። ችግሩ ግን ሽማግሌውን የላከው ባልየው፣ ማለትም ድርጅቱ ራሱ መሆኑ ነው፤ ደመወዙንም የሚከፍለው እሱ ነው። ወጪ በዛብኝ ሲል ቅናሽ መጣ፤ አላየውም ሲል የስፖርት ጣቢያ ተጨመረለት፤ ቤት ልቀይር ነው ሲል "አዲሱ ቤት ድረስ መጥተን እንተክላለን" ተባለ። በመጨረሻ ስልኩን ሲዘጋ ጥቅሉን ማቋረጡ ቀርቶ የቤት ስልክ መስመር ተጨምሮለት ነበር። ለማን እንደሚደውልበት አያውቅም።

ያዳነችው ሚስቱ ናት። በማግስቱ ቡናውን ጥዳ ደወለች። ሰውየው "ምን አጎደልንብዎት?" ሲላት "አልፈልገውም፤ አቋርጡልኝ" አለች። "ምክንያቱን ብናውቅ?" "አልፈልገውም።" "ቅናሽ ብናደርግልዎት?" "አልፈልገውም።" ቡናው ሳይፈላ ተቋረጠ። ባልና ሚስቱ የደወሉት ወደ አንድ ድርጅት ነው፤ የተናገሩትም አንድ ጉዳይ ነው። ልዩነቱ እሱ ምክንያት ሰጠ፣ እሷ አልሰጠችም። ምክንያት የሰጠ ሰው ድርድር ከፍቷል፤ ለእያንዳንዱ ምክንያት ደግሞ የተዘጋጀ መልስ ሰውየው ፊት ተቀምጧል። "አልፈልግም" ለሚለው ግን መልስ አልተጻፈለትም።

አሜሪካኖች በዚህ ጉዳይ ከእኛ ቀድመው ተቃጥለዋል። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽናቸው ዝምታን እንደ እሺታ የሚቆጥረውን ሽያጭ የሚመለከት ደንብ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። በዚያ ዘመን የመጽሐፍና የሸክላ ክበቦች ነበሩ፤ "የዚህን ወር ሸክላ አልፈልግም ብለህ ካልጻፍክልን እንልካለን፣ ትከፍላለህ" ይሉ ነበር። ሸክላው በስልክ ሲተካ ነገሩ ባሰ። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ሰው በገባበት ቅለት መውጣት አለበት የሚል አዲስ ደንብ አጸደቀ፤ በአንድ ንክኪ የገባ በአንድ ንክኪ ይውጣ ነው ነገሩ። ደንቡ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 14 ቀን 2025 ሊጀምር ስድስት ቀን ሲቀረው አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት "አወጣጡ ሥርዓቱን አልጠበቀም" ብሎ ውድቅ አደረገው። ኮሚሽኑ ደንቡ በኢኮኖሚው ላይ የሚያመጣውን ለውጥ አስቀድሞ አጥንቶ ማውጣት ነበረበት ተባለ። በዚያ ሀገር ያለ ብዙ ውጣ ውረድ የተሰረዘ ነገር ቢኖር የመሰረዣው ደንብ ነው።

ያም ሆኖ እጃቸውን አልሰጡም። አማዞን ሰዎችን ፕራይም የተባለው አገልግሎቱ ውስጥ ሳያውቁት አስገብቷል፣ መውጫውንም አክብዷል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2023 በዚሁ ኮሚሽን ተከሰሰ። በክሱ ላይ እንደተገለጸው የድርጅቱ ሰዎች የማቋረጡን ሂደት እርስ በርሳቸው "ኢሊያድ" እያሉ ይጠሩት ነበር። ኢሊያድ ሆሜር ስለ ትሮይ ጦርነት የተቀኘው 24 መጻሕፍት ያሉት ረጅም ግጥም ነው። ስሙን ያወጣው ሰው ቢያንስ ሐቀኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ድርጅቱ 2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ከዚህ ውስጥ 1.5 ቢሊዮኑ ለደንበኞች የሚመለስ ነው።

ጀርመኖች ግን ክርክር አልወደዱም፤ ቁልፍ አዘዙ። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2022 ጀምሮ በኢንተርኔት በየጊዜው የሚከፈልበትን ውል የሚሸጥ ድርጅት ገጹ ላይ "ውሎችን እዚህ ያቋርጡ" የሚል በግልጽ የሚታይ ቁልፍ ማስቀመጥ አለበት። ቁልፉን ካላስቀመጠ ደንበኛው ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ በፈለገው ጊዜ መውጣት ይችላል። ፍራንክፈርት የምትኖር የአክስቴ ልጅ ይህን ስትነግረን አክስቴ "እንግዲህ ስቶፕን ግድግዳ ላይ ጻፉት በለኛ" አሉ። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በኢንተርኔት ወይም በስልክ የተገዛን አብዛኛውን ነገር በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምንም ምክንያት ለመተው ይፈቅዳል። "ያለ ምንም ምክንያት" የሚለው ሕጉ ውስጥ ተጽፏል፤ የጓደኛዬ ሚስት ሳታነበው ያወቀችውን ማለት ነው።

ከሁሉም የእስራኤሉ ልቤን ነክቶታል። የሸማቾች ጥበቃ ሕጋቸው ለአረጋውያን፣ ለአካል ጉዳተኞችና ወደ ሀገሪቱ ከገቡ አምስት ዓመት ላልሞላቸው አዲስ ገቢዎች የተለየ ጊዜ ሰጥቷል። ሻጩ አነጋግሮ በርቀት ያዋዋላቸው ከሆነ እስከ 4 ወር ድረስ ውሉን መሰረዝ ይችላሉ። ሌላው ሰው ያለው 14 ቀን ነው። ከጎንደር ሄደው፣ ቋንቋውን ገና እየተማሩ፣ ስልክ ላይ በፍጥነት ለሚናገር ሻጭ በዕብራይስጥ "ኬን" (አዎ) ያሉ እናት አባት ምን ማለታቸው እንደነበር የገባው ሕግ አውጪ አለ ማለት ነው። እሺ ያለ ሰው ሁሉ ገብቶት እሺ እንዳላለ ሕግ ሲያውቅ ደስ ይላል።

ይህን ሁሉ የምለው እኛም ቁልፍ እስኪሠራልን እንጠብቅ ለማለት አይደለም። ለተቆጣጣሪዎቻችን አንድ ቀላል ማመልከቻ አለኝ፦ ዋጋው "ውድ ደንበኛችን" ከሚለው ቀጥሎ ይጻፍ፤ በአማርኛ ያስገባ በአማርኛ ያስወጣ፤ "ኦኬ"ን የሚሰማ ማሽን "በቃኝ"ንም ይማር። በኦሮምኛም፣ በትግርኛም፣ በሶማሊኛም ይማር። ለአንድ ማሽን አራት ቃል ማስተማር ከአቅም በላይ የሆነ ሥራ አይደለም።

ለአንባቢ ደግሞ የስልክ አንባቢነቴን ልምድ ላካፍል። በየወሩ መጀመሪያ የእናታችሁን፣ የአባታችሁን፣ የአክስታችሁን ስልክ ተቀብላችሁ የገቡትን መልእክቶች እስከ ታች ድረስ አንብቡ። የነፃ ሙከራ ስትጀምሩ የሚያበቃበትን ቀን እዚያው ስልኩ ላይ ማስታወሻ አድርጋችሁ ያዙ። ስታቋርጡ "አቋርጠዋል" የሚለውን መልስ አታጥፉት፤ ሂሳቡ መቆረጡን ከቀጠለ ያው መልእክት ማስረጃችሁ ነው። ቢሮ ሄዳችሁ ስታቋርጡ ደግሞ ቀኑ የተጻፈበት፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሳትይዙ አትውጡ፤ "በቃል ተነጋግረናል" የሚባል ነገር በሚቀጥለው ወር አይታወስም።

ለምን እንደምትተዉት ከጠየቋችሁም አትመልሱ። ኑሮ ተወዶብኝ ነው፣ ልጄ ታሞብኝ ነው፣ ሀገር ልለቅ ነው ብላችሁ አትማሉ፣ አትዋሹ፣ ይቅርታም አትጠይቁ። ነገሩ ጋብቻ አይደለም። ዋጋ የተቆረጠለት አገልግሎት ነው፤ ሲፈለግ ይከፈልበታል፣ ሳይፈለግ ይቀራል። "አልፈልግም" ሙሉ መልስ ነው።